ሁለት መልክ ያወጣው የከፋይ ቀሚስ

ከሚሴ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና አንድ ስንዝር ጨርቅ ሳልቆርጥ፣ ተዋርጄ ወደ ደሴ ልመለስ ነበር። ደርግ ከወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። የስፌት መኪናዬን አስጭኜ መጥቼ፣ ሀጂ ኡመር ብትን ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ በረንዳ ላይ ተከልኩ። ውላችን ቀላል ነበር፤ ደንበኛው ጨርቁን ከሀጂ ይገዛል፣ ወጣ ይልና ለኔ ይሰጠኛል።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ከጨፋ የመጣች አዲስ ሙሽራ ነበረች። ፋጡማ ትባላለች። አበባ ያለበት ጨርቅ ይዛ ፊቴ ቆመች። እኔም እንደ ደሴ ልማዴ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ትከሻዋን ልለካ እጄን ዘረጋሁ። ፋጡማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ተው አንተ ሰውዬ! አብደሃል እንዴ?» የሚል ድምፅ ከጎኔ መጣ። አጠገቤ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት፤ ዘሀራ። ተነስታ መጣችና ሜትሩን ከእጄ መነተፈችኝ። «የደሴውን እንጃ። እዚህ ሴትን የምትለካ ሴት ናት።»

ፋጡማን ይዛ ወደ ሱቋ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሜትሬን ሰጠችኝ፤ ከሱ ጋር አንድ ረጅም ክር ጨመረችልኝ። ክሩ ቋጠሮ ቋጠሮ አለበት።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ልኳ ነዋ! እስከ አንደኛው ቋጠሮ ትከሻዋ፣ እስከ ሁለተኛው ደረቷ፣ እስከ ሦስተኛው ቁመቷ።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ጨርቅ ልትቆርጥ ነው ወይስ ትምህርት ቤት ልትገባ?»

ሀጂ ኡመር ከውስጥ ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ደሴ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የከሰል ካውያ በማሞቅ ጀምሬ፣ ቁልፍ ተክዬ፣ ዘምዝሜ፣ ሱሪ ሰፍቼ ነው ቆራጭ የሆንኩት። በኛ ሙያ መቀስ የያዘ ሰው አለቃ ነው፤ መኪና ላይ የተቀመጠው ሁሉ እሱ ባሰመረው ይሄዳል። አሁን አንዲት የቅመም ነጋዴ ክር ቋጥራ ልታዘኝ! ግን ምን ላድርግ፣ ክሩን ዘርግቼ ቆረጥኩ። ቀሚሱ ፋጡማ ላይ ልክክ አለ። ከዚያ ወዲህ የከሚሴን ሴት በሜትር ለክቼ አላውቅም።

የልብስ ሰፊ ሥራ ወቅት አለው። ክረምቱ ሲወጣ ዩኒፎርም ይጎርፋል። ዒድ ሲቃረብ ከጥዋት እስከ መግሪብ እግሬ ከፔዳሉ አይነሳም። ሰኞ ሰኞ ሀጂ ጨርቅ ይዘው ባቲ ገበያ ስለሚሄዱ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ የተጠራቀመውን ቁልፍ የምተክለው ያኔ ነበር። ኦሮምኛ የተማርኩትም ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ቃል «ቦሩ» ነው፤ ነገ ማለት ነው። ለልብስ ሰፊ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ቃል የለም።

በዓመቱ ፋጡማ ልጅ አቅፋ መጣች። ልጅቱ ሙና ትባላለች፤ ሁለት ሳምንቷ ነበር። የመጀመሪያ ልብሷን ከሀጂ ሱቅ ከተረፈ ቁራጭ ሰፋሁላት። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥረኛ ድረስ ዩኒፎርሟን የሰፋሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ዘሀራ አዲስ ክር ቋጥራ ትሰጠኛለች፣ በየዓመቱ ክሩ ይረዝማል።

ዕድሜ እንደዚህ ሄደ። ልጄ ሰላም አግብታ ናዝሬት ገባች። ባለቤቴ ታመመችና አረፈች። የሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የቀብር ማኅበራችን፣ ድንኳን ተክሎ ሁሉን ነገር አደረገ። ዘሀራም ሦስት ቀን ሱቋን ዘግታ ለቅሶ ቤት እንግዳ ስትቀበል ሰነበተች። ባሏን ቀደም ብላ ቀብራ ስለነበር፣ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ታውቃለች። አንድም ቀን «አይዞህ» አላለችኝም። በአራተኛው ቀን መጥታ «የሰው ልብስ ተከምሮ ይጠብቅሃል፣ ተነስ» አለችኝ። ተነሳሁ።

በረንዳችን ላይ ጥላው ጥዋት በኔ በኩል ነው፣ ከሰዓት በሷ በኩል። ጥዋት እሷ በርጩማዋን ይዛ ወደኔ ትመጣለች፤ ዝንጅብል እየለቀመች ታወራኛለች። ከሰዓት እኔ የእጅ ሥራዬን፣ ዘምዘማና ቁልፍ የመሰለውን፣ ይዤ ወደሷ እሻገራለሁ። ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ከቴርሞስ ትቀዳልኛለች። በርበሬው ያስነጥሰኛል፣ እሷ ትስቅብኛለች። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በሕይወቴ ደስ የሚለኝን ሰዓት ንገር ብባል ይሄን ነው የምናገረው።

ሰላም በየሳምንቱ ትደውላለች። «አባዬ፣ ብቻህን እዚያ ምን ትሠራለህ? ና እኛ ጋ» ትለኛለች። «እሠራለሁዋ! ሥራ የያዘ ሰው ምን ሊሆን ይመጣል?» እላታለሁ። መልሴ ይሄው ነበር። መቀስ እስከያዝኩ ድረስ ከከሚሴ የሚያነሳኝ የለም። መቀሱን ያስቀመጥኩ ቀን ግን የምመልስላት ነገር አይኖረኝም። ይሄን በደንብ አውቀው ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ከዳኝ።

መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ። ክሩን በምራቄ አርሳለሁ፣ አሾላለሁ፣ ወደ ብርሃን አዞራለሁ፤ ወይ ፍንክች! ሰው ሲያየኝ ሳል የያዘኝ መስዬ አስቀምጠዋለሁ። ገበያ ከሚዞር ነጋዴ መነጽር ገዛሁ፤ ጭጋጉን አጎላልኝ እንጂ ሌላ ጥቅም አልሰጠኝም። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ጭራሽ አላይም። ለማንም አልተናገርኩም። ለሰላም ብናገር በማግስቱ መጥታ ትወስደኛለች። ለዘሀራ ብናገር ደግሞ፣ መዘባበቻዋ እሆናለሁ ብዬ ሰጋሁ።

አንድ ሰሞን ግን ነገሩ የቀለለኝ መሰለኝ። ጥዋት ስመጣ መርፌ መሰኪያዬ ላይ ክር የገባባቸው መርፌዎች አገኛለሁ፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት። «ማታ ሳላስበው ክር አስገብቼ ሄጄ ነው» እላለሁ ለራሴ። ጥቁር ጨርቅ የሚያመጣ ደንበኛም ጠፋ። ሁሉ ነጭ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። አንድ ቀን ለሀጂ «የዘንድሮ ሰው ደማቅ ነገር ወደደ፣ ፋሽኑ ተለወጠ» ስላቸው፣ ሀጂ ጺማቸውን ዳሰሱና «አዎ፣ ተለወጠ» አሉኝ። እኔ ሞኙ አመንኩ።

ሙና ልታገባ ነው ተብሎ ፋጡማ የመጣችው ዘሀራ ታማሚ እህቷን ልትጠይቅ ባቲ የሄደች ሳምንት ነው። ፋጡማ ከሀጂ ሱቅ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ገዝታ ወጣች። የሙናን ልክ ዘሀራ አስቀድማ ቋጥራ ትታላት ነበር።

«ጋሼ ታደሰ፣ የሰርጓን ልብስ እንግዲህ የምትሰፉት አንቱ ናችሁ» አለችኝ።

ሀጂ ከበሩ ላይ «ታደሰ፣ ከፋይ ነው እኮ። ዘሀራ እስክትመጣ ብትቆይስ?» አሉ።

«ዘሀራ ልብስ ሰፊ ሆነች እንዴ?» አልኳቸው። በጣም ነው የከፋኝ።

ለማያውቅ ልንገር። ከፋይ ፀጉር አለው። በመዳፍህ ወደ ታች ስታሻሸው ይተኛል፣ ወደ ላይ ስታሻሸው ይቆማል። የልብሱ ቁራጭ ሁሉ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲወርድ ሆኖ መቆረጥ አለበት። አንዱ ቁራጭ ከተገለበጠ፣ ጨርቁ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት አንዱ ወገን ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ይላል። ይሄን የደሴ አለቃዬ ገና በመጀመሪያው ዓመቴ በኩርኩም አስተምሮኛል። የማያይ ሰው እንኳ በመዳፉ ያውቀዋል። እኔ ግን በሀጂ ነገር እንደተናደድኩ፣ ዓይኔ ያየ እየመሰለኝ፣ ሳልዳስስ ቆረጥኩ።

ሙናና እናቷ ልብሱን ሊወስዱ መጡ። ሙና ወደ ፀሐዩ ወጥታ ዘረጋችው። እናቷም ተጠግታ ጨርቁን አገላበጠች።

«እህ? ምን ሆነ?» አልኩ።

«ማሻ አላህ፣ በጣም ያምራል» አለች ፋጡማ። ሙናም ጎንበስ ብላ «እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» አለችኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ሰላም ስትደውል «የሙሽራ ከፋይ ሰፋሁ፣ አንቺ ‹አርጅተሃል› ትይኛለሽ» ብዬ ፎከርኩባት።

በማግስቱ ዘሀራ ከባቲ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ ፋጡማ ልብሱን በፌስታል ይዛ መጣችና ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ከዚያ ወደኔ መጡ። ፋጡማ ወርቃማ ጥለት አወጣች። «የሙሽራው እናት ከፊት ለፊት፣ ከአንገት እስከ እግር፣ ጥለት ይደረግበት ብለዋል» አለችኝ።

«ከፋይ ላይ ጥለት? ገጠሬ ነገር!» አልኩ። ግን የሰርግ ነገር ነው ብዬ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ጥለቱ የሚያርፍበትን ቦታ ላስተካክል ሁለቱን መዳፎቼን ከደረቱ ወደ ታች አሻሸሁ። የቀኝ እጄ ሾለል ብሎ ወረደ። የግራው ተንገራገረ።

ደግሜ አሻሸሁ። ያው ነው። የቀኙ ይተኛል፣ የግራው ይቆማል።

ጥለቱ ለምን እንደመጣ ገባኝ። የሙሽራው እናት የምትባለዋ ምንም አላለችም። ሁለቱ መልክ የሚገናኙበትን መስመር ሊሸፍኑልኝ ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ እንዲመስል። ያውም እኔ እንዳላውቅ።

«አይታችሁ ነበር» አልኩ።

«ዘሀራ! አንቺን ነው! ማን ማን ያውቃል?»

«ስለ ልብሱ ነው ስለ ዓይንህ?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ተቀመጥኩ። ሁሉን አንድ ባንድ ነገረችኝ። ከዓመት በላይ ሆኖታል። መርፌዎቹን ጥዋት ጥዋት እኔ ሳልመጣ ክር የምታስገባው እሷ ናት። ጥቁር ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ለታደሰ ጥቁር አትስጡ» እያለች ወደ ሌላ ሰፊ የምትሰደው እሷ ናት። ሀጂም ያውቃሉ። የዩኒፎርም እናቶች ያውቃሉ። ከሚሴ በሙሉ ያውቃል። የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንዳወቁ አለማወቄ ማለቴ ነው።

«ምነው ታዲያ አትነግሪኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«አንተስ ምነው አልነገርከኝ?» ብላ እሷም ጮኸችብኝ። «ሃያ ዓመት ከጎንህ ተቀምጬ! ውሸታም! በመርፌ ቀዳዳ ከኔ ትደበቃለህ?» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ዘሀራን ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቅኩት በድምፅዋ ነው።

ወደ ፋጡማ ዞርኩ። «አንቺስ? የልጅሽ ሰርግ አይደለም እንዴ? ወስደሽ ለሌላ ሰው አትሰጪም ነበር?»

«እንዴት አድርጌ፣ ጋሼ?» አለች። «ገና ስትወለድ የለበሰችው የእጃችሁን ነው። የተማረችውም እጃችሁ የሰፋውን ለብሳ ነው። ከቤቴ የምትወጣበትን ሌላ ሰው እንዲሰፋው አልፈለግኩም። እሷም አልፈለገችም። ትናንት ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ወላሂ አልዋሽም። ግን ‹እማዬ፣ እንዳትነግሪያቸው› አለችኝ።»

ይሄን ስሰማ አፈርኩ። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ሰላም ጋ ደወልኩ። «ዓይኔ ጠፍቷል። ሰርጉ እንዳለፈ ነይና ውሰጂኝ» አልኳት። ዘሀራ ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሰርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። ጥለቱን ግን አልሰፋሁም። የተገለበጠው የግራው ፊት ነው፤ እሱን ፈትቼ በአዲስ ቁራጭ መተካት አለብኝ። ለሀጂ ነገርኳቸው። ገቡና ከዚያው ጥቅል የተረፈውን ይዘው ወጡ። «ለዚህ ብዬ አስቀምጬው ነበር» አሉ። እሳቸውም ያኔ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ እንደምገለብጠው ጠርጥረው ነበር።

«ዘሀራ!» ብዬ ተጣራሁ። «ማል ታቴ?» አለች ከወንበሯ ሳትነሳ፤ ምን ሆንክ ማለቷ ነው።

«ዓይን አበድሪኝ።»

መጣች። እኔ ጨርቁን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ ፀጉሩ የሚወርድበትን አገኘሁ፣ አሮጌውን ቁራጭ ላዩ ላይ አነጠፍኩ። እሷ በደረቅ ሳሙና ጠርዙን አሰመረች። መቀሱን እኔ ያዝኩ። «ቀኝ በል። አሁን ቀጥ በል። ቁም! መስመሩን በላኸው» ትለኛለች። እንደ ደሴው አለቃዬ ነው የተቆጣችኝ። ስንጨርስ ልብሱን ወደ ፀሐይ አውጥታ ዘረጋችውና ለብዙ ጊዜ አየችው።

«አንድ ነው» አለች። «አልሀምዱሊላህ፣ አንድ ነው።»

ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ በግ ታርዶ ነበር፤ ከተማ ካሉት ክርስቲያን ደንበኞቼ ጋር ተቀመጥን። ሙሽራዋ ስታልፍ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ከዚያ በላይ አላየሁም። ሴቶቹ እልል ሲሉ ግን ሰማሁ፣ በቂዬ ነው።

ሰላም በሳምንቱ መጣች። ሻንጣዬን አስራ፣ በማግስቱ ልንሄድ፣ አንድ ቀን ከኔ ጋር በረንዳው ላይ ዋለች። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ሰው ያልፋል፣ «አካም ቡልቴ» ይለኛል፣ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው፤ «ነጋ»፣ ደህና፣ እላለሁ። አንዲት ሴት የሱሪ እግር አሳጠረች። ከሰዓት በርጩማዬን ይዤ ወደ ዘሀራ ተሻገርኩ። ዘሀራ ሦስት ሻይ ቀዳች። ከቦርከና በኩል ነፋሱ ሲነሳ ሰላም ድንገት «አባዬ» አለችኝ። «እኔ ጥዋት ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው። ባሌም እንደዚያው። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያ ማን ‹አካም ቡልቴ› ይልሃል?» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ዘሀራ «ዲሲ! ተዉት በቃ» ብላ ሁለታችንንም ተቆጣችን። ከዚያ ወደ ሰላም ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ ሂጂ። ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። እምቢ ካለ በበርበሬ አጥነዋለሁ።»

ሰላም ሻንጣውን ፈትታ ብቻዋን ተመለሰች።

ዘሀራ ቃሏን ጠበቀች። ደሴ ሄድን። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። «አባባ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ሲለኝ፣ ዘሀራ ቀድማኝ «ሲዋሽ» አለችው። የቀኙ ዓይኔ ተገፈፈ። ለግራው ዘግይተሃል ተባልኩ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የዘሀራን ፊት ነው። እንደዚያ ማርጀቷን አላውቅም ነበር፤ የመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያየኋት መቼ እንደሆነም እንጃ። «አረጀሽ እኮ» አልኳት።

«አንተስ መስታወት ይዤልህ ልምጣ?» አለችኝ።

አሁንም በረንዳው ላይ ነኝ። ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ቁልፍና ዘምዘማ እሠራለሁ። ከፋይ ሲመጣ ደንበኛው እያየ «አንድ ዓይን ነው ያለኝ» እላለሁ፣ ዘሀራን ጠርቼ እናሰምራለን። ደንበኛ አልሸሸም።

ለሙያ ልጆች የምለው ይሄን ነው። ዓይናችሁ ወይም እጃችሁ ሲደክም፣ ባወቃችሁበት ሳምንት ለጎረቤታችሁ ንገሩ። እኔ ከዓመት በላይ ዝም አልኩ። ብናገር ኖሮ ሙና በሰርጓ ሳምንት አታለቅስም ነበር።